እንደተናገርኩት ጻፍ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለስንጥር፤

ብዕሩን የያዘው እጅ የፀጉር ቆራጩ ነው። ቃሉ የእኔ ነው። ጽሑፉ የማታውቂው ሆኖብሽ ደንግጠሽ እንደሆነ ተረጋጊ፤ አስተማሪዋ አልሞተችም። የማስጽፈው ከፀጉር ቤቱ መስተዋት ሥር፣ ደንበኛ ወረፋ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። አግዳሚውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ አንድ ቀን አልተነቃነቀም። ፀጉር ቆራጩን «እንደተናገርኩት ጻፍ፤ አንድ ቃል አትጨምር፣ አንድ ቃል አትቀንስ» ብዬዋለሁ። «ጋሼ፣ የእኔ ሥራ መቀነስ እንጂ መጨመር አይደለም» ብሎ ሳቀ። ይህንንም ጻፈው አልኩት።

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ።

አሁን ወደ ነገሩ። እስከ ዛሬ ደብዳቤዬን ሁሉ የጻፈችልሽ ሚስቴ መሆኗን ታውቂያለሽ። ዛሬ ሰው ቤት የመጣሁት የማስጽፈው ስለ እሷ ስለሆነ ነው። አስተማሪዋ እየረሳች ነው። የእርጅና መርሳት አይደለም፤ ያንንማ እኔም መዶሻዬን በእጄ ይዤ መዶሻዬን እፈልጋለሁ። የእሷ ሌላ ነው። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አንድ ዓመት በተመላለሰችበት የትምህርት ቤቱ መንገድ ላይ ቆማ ዳቦ ሻጩን «ቤታችን በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችው። ካውያውን ከልብስ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት፤ ደግነቱ ቀዝቅዟል። አንዷን ጥያቄ በአንድ ጠዋት ስድስት ጊዜ ትጠይቀኛለች። በስድስተኛው ስጮህ ትደነግጣለች፤ ለእሷ መጀመሪያዋ ነዋ። ልቧን ካመማት ወዲህ በየቀኑ የምትውጣትን ቢጫ ክኒን ከትናንት ወዲያ ሁለቴ ልትውጥ ስትል እጇን ያዝኩት።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሰዓት ሣዪ ብሎ ወረቀት ሰጣት። ክቡን ያለ ኮምፓስ ልክክ አድርጋ አዞረችው፤ ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም በአንድ ጎን አጨናነቀቻቸው። ስንቱን ልጅ ሰዓት ማንበብ ያስተማረች ሴት! ሐኪሙ በጎን ጠርቶ «አልዛይመር ነው፣ ገና ጀማሪው ላይ ነው» አለኝ። ለእሷ «ድካም ነው አለ» ብያታለሁ።

እኔና እሷ እንዴት እንደተገናኘን ነግሬሽ አላውቅም። ወጣት አስተማሪ ሆና ስትመጣ ለጎልማሶች ትምህርት ሃያ አግዳሚ አዘዘችኝ። አግዳሚዎቹን ሠርቼ ሳስረክብ «አንተስ አትቀመጥባቸውም?» አለችኝ። አንድ ቀን ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ አውጥታ ጠመኔ አስያዘችኝ፤ ጠመኔው በእጄ ደቀቀ፤ ሰው ሳቀ። ወጥቼ ሄድኩ፣ አልተመለስኩም። እሷ ግን ማታውኑ የተረፈውን ጠመኔ ይዛ እንጨት ቤቱ ድረስ መጣች። «ካልተማርክ እንግዲህ እኔ ልጻፍልህ» አለች። ይኸው ስትጽፍልኝ ኖረች።

አንቺ የምትሠሪው ትልቅ ሆስፒታል ነው። መድኃኒት አለ ወይስ የለም? በአንድ ቃል መልሺ። ገንዘብ አትላኪ፤ ቃል ላኪ። ደብዳቤውንም በፀጉር ቤቱ አድራሻ አድርጊው።

ፀጉር ቆራጩ «ላንብብልዎ?» ይለኛል። አያስፈልግም። ቃሌን ሰጥቼ መልሼ የምቆጥር ሰው አይደለሁም።

አጎትሽ አናጺው


ኅዳር 3

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ በያሉበት ይድረስዎ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል፤ የክፍሌ መስኮት በደንብ ስለማይገጥም በጋዜጣ ወትፌዋለሁ። ቢያዩት ይስቁብኛል፤ «የአናጺ ልጅ» ይሉኝ ነበር።

ጋሼ፣ ደብዳቤው ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አለቀስኩ። መጀመሪያ ስለ እትዬ። ሁለተኛው ግን ደብዳቤው የእርስዎ አልመስል ብሎኝ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የጻፉልኝን አንድ በአንድ አስቀምጫለሁ። ሁሉም «ውዷ ልጄ ስንጥሬ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይኼኛው ግን እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ባላወቅሁት አስቀይሜዎት ይሆን?

መድኃኒት አለ ወይስ የለም፣ በአንድ ቃል መልሺ ብለዋል። በአንድ ቃል አይመለስም። እኔ ደም የምቀዳበት ክፍል ፊት ለፊት ይህን በሽታ የሚያጠኑ ሐኪሞች አሉ፤ እነሱን ጠየቅሁ። አንጎል ውስጥ የሚጠራቀም ነገር አለ፤ ሳይጠረግ እንደሚከርም ሰጋቱራ ያስቡት። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ያንን ሰጋቱራ ለመጥረግ የተሠሩ ናቸው፤ በክንድ ደም ሥር በጠብታ ይሰጣሉ። የጠፋውን አይመልሱም። ገና ለጀመረው ሰው አካሄዱን ያዘገዩለታል፤ ምን ያህል እንደሚያዘገዩ ሐኪሞቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። እዚህ የሚሞከረው ደግሞ ከነዚያ ቀጥሎ የመጣ ስለሆነ ይሥራ አይሥራ ገና አልታወቀም። ግማሹ ሰው መድኃኒቱን፣ ግማሹ እንዲያው ውሃ መሰል ነገር ያገኛል፤ ለማን ምን እንደደረሰው ሐኪሙም አያውቅም፤ የሥራው ደንብ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ይፈጃል። እርስዎም አብረዋቸው መሆን አለብዎት፤ ውሏቸውን የሚመሰክር የቅርብ ሰው ያስፈልጋል።

የእትዬን ስም ለማስያዝ ሞክሬያለሁ። ግን ጋሼ፣ ይህን ልብ ብለው ይስሙኝ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው አይገባም። አዲሱ መድኃኒት አንዳንዴ አንጎል ያደማል፤ ሁለቱ ከተገናኙ ሊገድል ይችላል። እትዬ የሚውጡትን ሁሉ፣ አንዲት ሳትቀር፣ ይላኩልኝ። ደግሞም ራሳቸው አውቀውና ፈቅደው መፈረም አለባቸው። ሳይነግሯቸው የሚሆን ነገር አይደለም።

እስከዚያው በቤት የሚቻል አለ። በየቀኑ በእግር ይሂዱ። የደም ግፊታቸውን ያስለኩ፣ ጨው ይቀንሱ፣ አትክልት ያብዙ፣ እንቅልፍ ይሙላላቸው። ጆሯቸው ከደከመ ይታይ። ከሰው አይለዩ፤ አንጎላቸው ሥራ አይፍታ። ፈውስ ነው አልልዎትም፤ እየተጠና ነው። ግን ጉዳት የለውም።

ለእርስዎም ለእትዬም ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ልጅዎ ስንጥር


ኅዳር 28

ይድረስ ለስንጥር፤

እጁ የፀጉር ቆራጩ ነው። ሰላም ላንቺ ይሁን፣ መስኮትሽን የሚያስተካክል ሰው ፈጣሪ ይላክልሽ።

ውሃ! ይህን አንብቦልኝ ሲጨርስ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ግማሹን ሰው ባሕር አሻግሮ ውሃ መስጠት ምን የሚሉት ሕክምና ነው? ውሃ እዚህም አለ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል። ሆኖም አስቤበታለሁ። ከሁለት አንድ ጥሩ ዕድል ነው። እኔ ከዚያ ባነሰ ዕድል ነው ያገባኋት። ስሟን አስይዢ። እኔም እመጣለሁ፤ የአውሮፕላኑ መቀመጫ ጠባብ ነው ሲሉ እሰማለሁ፣ ለምን እንደዚያ እንደሠሩት አይቼ እነግራቸዋለሁ።

የምትውጠውን ጠይቀሻል። ለደም ግፊት ነጯን ክኒን ትውጣለች። ሌላ የለም። ሌላ የለም ብያለሁ፤ ፀጉር ቆራጩ ብዕሩን አንጠልጥሎ ለምን እንደሚያየኝ አላውቅም። ጻፍ።

«ውዷ ልጄ» ስላልሽው ነገር። ስንጥር፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደዚያ ብዬ አላውቅም። እኔ «ውድ ነው» የምለው ጣውላ ስገዛ ነው። አልተቀየምኩሽም፤ ሁልጊዜም የምናገረው እንዲህ ነው። ያልሽው ደብዳቤ ካለሽ አንዱን ላኪልኝና ልየው።

በእግር መሄዱን ጀምረናል። በየጠዋቱ እስከ ድልድዩ እንሄዳለን። በመንገድ ላይ የሱቆቹን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች፣ ስህተት ስታገኝ ቆማ ባለሱቁን ትጠራለች። ሁለት ሱቆች ሰሌዳቸውን አስተካክለዋል። ጆሮ ይታይ ያልሽውም ታየ፤ የእሷ ደህና ነው፣ ደንቆሮው እኔ ሆኜ ተገኘሁ። «አርባ ዓመት ነግሬህ ነበር» አለችኝ። ይህን አልረሳችም።

አልነገርኳትም። እነግራታለሁ። ጊዜ ስጪኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 21

ይድረስ ለማከብርዎ ለጋሼ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ ሥር ይድረስ። ቸር ያሰማኝ።

የእትዬ ስም ተይዟል። ቦታው እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ይቆይልናል። የጠየቁትን ደብዳቤ አብሬ ልኬዋለሁ፤ ዋናውን ነው የላክሁት፣ አደራ እንዳይጠፋብኝ።

አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። በመጀመሪያው ደብዳቤዎ ልባቸውን ካመማቸው ወዲህ ስለሚውጧት ቢጫ ክኒን ጽፈው ነበር። በሁለተኛው ግን ነጯን ብቻ ነው የነገሩኝ። ቢጫዋ ምንድን ናት? ስሟ ከሣጥኗ ላይ አለ፤ ፀጉር ቆራጩ ይገልብጥልኝ።

እትዬስ አወቁ?

በናፍቆት የምጠብቅዎ፣ ስንጥር


የካቲት 16

ይድረስ ለስንጥር፤

እጁ ያው የፀጉር ቆራጩ ነው። ዘገየሁብሽ። ሰላም ነን።

የላክሽውን አሮጌ ደብዳቤ አስነበብኩት። ወንበሩ ላይ ፊቱን አረፋ የተቀባ ሰው ነበር፤ ቆራጩ ምላጩን አስቀምጦ ሲያነብ ያ ሰውዬ አረፋው እስኪደርቅ ሰማ። ከሰባት ዓመት በፊት ነፋስ የእንጨት ቤቴን ጣራ የወሰደው ጊዜ ነው። ያስጻፍኩትን አስታውሳለሁ። «ነፋስ ጣራውን ወሰደው። ሌላ እሠራለሁ። ደህና ሁኚ።» ይኸው ነው። የተጻፈው ግን፦

«ውዷ ልጄ ስንጥሬ፤ ትናንት ነፋሱ ጣራውን ሲያነሣው፣ አንቺ በልጅነትሽ ከሥራ ጠረጴዛዬ ሥር ሰጋቱራ ላይ የምትተኚባት ጥግ ፀሐይ አገኛት። ይህን ሁሉ ዓመት ጨለማ ነበረች። እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ጣራ እሠራለሁ፤ ግን ለአንድ ቀን ሳልሸፍነው ልተወው ነው።»

ስንጥር፣ ይህን አላልኩም። ቆሜ ግን ነበር። ጣራውንም አንድ ቀን ትቼዋለሁ። ለማንም አልተናገርኩም። በሩ ላይ ሆና አይታኝ ኖሯል።

ፀጉር ቆራጩ «ላንብብልዎ» ሲለኝ ለምን እምቢ እንደምል አሁን ገባኝ። ለእሷም እንዲሁ ነበርኩ። ባመንኳት ሴት ላይ መልሼ ልጠይቅ? አንድ ቀን አንብቢልኝ ብዬ አላውቅም።

ቤት ሄጄ ለምን እንዲህ አደረግሽ እንዳልላት ነገሩ ሁሉ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ሌላ አልኩ። «ፊደል አስተምሪኝ» አልኳት። ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «ሃምሳ ዓመት ዘግይተሃል፤ ቁጭ በል» አለች።

ብታዪያት! ጠመኔ ስትይዝ ጀርባዋ ቀና ይላል። የሣጥን ክዳን ጥቁር ቀለም ቀብቼ ሰሌዳ ሠራሁላት። ትናንት ያስተማረችኝን ረስታ ዛሬም ከሀ ትጀምራለች። ለእኔ ተመቸኝ፤ እኔም ረስቼው ነበር። በወረቀት አልሆነልኝም፤ ፊደሉን በቁራጭ እንጨት እየፈለፈልኩ ነው የያዝኩት። «በ» የበር መቃን ናት፤ በአንድ ጊዜ ያዝኳት። «መ» መነጽር ናት። «ጠ» ግን እምቢ አለችኝ። አንቺ አንጎሏ ሥራ አይፍታ ብለሽ ላክሽ፤ ተማሪዋ እንዴት ያለ ሥራ እንደሆነባት አታውቂም።

ቢጫዋ ክኒን የሆድ ናት። በቃ።

እዚህ ላይ ፀጉር ቆራጩ ብዕሩን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ እኔ ፀጉር ላይ ብሳሳት ያድጋል፤ ይኼ ግን አያድግም» አለኝ። እሱን አትጻፍ አልኩት። የጻፈው መሰለኝ።

ልንመጣ ነው። ቦታውን ያዢ።

አጎትሽ


የካቲት 29

ይድረስ ለምወድዎ ለጋሼ፤

እልፍ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሦስቴ አነበብኩት። ስለ ፊደሉ ስቄ አለቀስኩ።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ፀጉር ቆራጩ የጻፈው ነገር ለአፍታ አስደነገጠኝ። ከዚያ በራሴ አፈርኩ። እርስዎ አንድ ቀን ዋሽተውኝ አያውቁም። ልጅ ሆኜ የሰው ወንበር እግር በመጋዝ ያሳጠርኩ ጊዜ ትዝ ይልዎታል? ሠራተኛዎ «በሥሩ ቁራጭ ለጥፈን ቀለም እንቀባው፤ ማን ያውቃል?» አለ። እርስዎ ግን ባለቤቱን ጠርተው «ተበላሽቷል፤ ሌላ እሠራልሃለሁ» አሉት። ለእኔም «እውነት እንደ እርጥብ እንጨት ናት፤ በቀለም ብትሸፍኛት ስትደርቅ ትሰነጠቃለች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በየሄድኩበት የምናገረው እሱን ነው። እዚህም አንድ ሐኪም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ጽፎታል።

ስለዚህ ቢጫዋ የሆድ ናት ካሉኝ የሆድ ናት። ለሐኪሞቹም እንደዚያ ብዬ አስመዝግቤያለሁ። ሚያዝያ መጀመሪያ እንድትደርሱ ይፈለጋል።

የእትዬ አልጋ ከመስኮቱ ተቃራኒ ይሆናል። መስኮቱን ደግሞ እርስዎ ያዩታል።

ልጅዎ ስንጥር


መጋቢት 20

ይድረስ ለውዷ ልጃችን ለስንጥር፤

ብዕሩን የያዘው እጅ የአስተማሪዋ ነው። ቃሉ የማን እንደሆነ ግን ከእንግዲህ አልምልም።

ደህና ነን። ይህን አስቀድሜ ልበል፤ ደህና ነን።

የመጨረሻው ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ «ዋሽተውኝ አያውቁም» የምትለው ላይ ፀጉር ቆራጩ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ አየኝ። እኔም ተነሥቼ ወጣሁ። ቢጫዋ ክኒን ደም የምታቀጥን ናት። ከመጀመሪያው አውቃለሁ። የልብ ሐኪሟ «አንድ ቀን እንዳታቋርጡ፤ ደም ረግቶ ይገድላታል» ብሎ ነው የሰጣት። ዋሸሁሽ፣ በስሜም አስመሰከርኩሽ።

ሌላም አለ፤ ይህንንም ጻፊ አስተማሪዋ፣ እጅሽን አታቁሚ። መዋሸቱ አልበቃ ብሎኝ፣ እዚያ ስትመረመር ደሟ ውስጥ እንዳያገኟት ብዬ ክኒኗን ከመሣሪያ ሣጥኔ ሥር ደበቅኋት። ሁለት ቀን ሳትውጥ ዋለች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲባል በሌላ ሰው እስቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ስገባ የመሣሪያ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ካውያውን የት እንዳኖረች የማታውቅ ሴት፣ ቢጫዋን ክኒን ስትፈልግ ሁለት ቀን ቤቱን በርብራዋለች። ክኒኖቹ በአንድ እጇ፣ ከሥራቸው የነበሩት ደብዳቤዎችሽ በሌላ እጇ። መነጽሯን አድርጋ፣ ቀይ ብዕር ይዛ። ሦስቱንም አርማልሻለች። «አሳቡ ጥሩ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ታበዛለች» ብላ ከአሥር ሰባት ሰጥታሻለች።

«ይህቺ የሚጽፉባት ሴትዮ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ስለ እኔ ተጽፎ፣ ፀጉር ቤት ተነቦ፣ ወረፋ ጠባቂው ሳይቀር ሰምቶት፣ ለእኔ ያልተነገረኝ ለምንድን ነው?»

«እንዳትፈሪ ብዬ።»

«የፈራኸውስ አንተ ነህ» አለች። ከዚያ ክኒኗን ዋጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ «አሁን ደግሞ ሐኪሜ ዘንድ ውሰደኝ፤ የሠራኸውን በአፍህ ትነግረዋለህ» አለች። ነገርኩት። የተናገረኝን አልደግመውም፤ ይገባኛል። ደሟን መረመረ። ፈጣሪ አተረፈኝ፤ ምንም አልሆነችም።

ስንመለስ ድልድዩ ላይ አረፍን። ያን ጊዜ ጠየቅኋት። «ይህን ሁሉ ዓመት የእኔን ቃል እየተውሽ የራስሽን ስትጽፊ ኖርሽ?»

«የአንተን ነው የጻፍኩት» አለች። «እስክትናገረው አልጠበቅሁም እንጂ።»

ክንዷን ይዤ ወደ ቤት አመጣኋት።

አሁን እየጻፈች ነው። አንድ ጊዜ ቀና ብላ «ለማን ነው የምንጽፈው?» አለችኝ። «ለስንጥር» አልኳት። «ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም?» አለች። «ትንሽ ቆይታለች» አልኳት። ወደ ወረቀቱ ተመለሰች። መስመሯ እንደ ድሮው ቀጥ ያለ ነው፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

ስለ መሄዱ እሷ ትወስን ብያለሁ። ፊርማው የእሷ ከሆነ ቃሉም የእሷ ነው። በይ የራስሽን ጻፊ፤ እኔ ዝም እላለሁ።

ስንጥሬ፣ ከዚህ ጀምሮ እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ዛሬ ጥሩ ቀኔ ነው፤ ስለዚህ ዛሬ ልወስን። ቦታዬን ለሌላ ሰው ስጡልኝ፤ ተራውን የሚጠብቅ የሌላ ሰው ሚስት ይኖራል። የተመዘገበውንም ዛሬውኑ አስተካክዪ፤ አንቺ ላይ ነውር እንዳይሆን። ልቤን ከፍዬ አእምሮዬን ልግዛ ብል ማንም አይሸጥልኝም። አልከፋኝም። መድኃኒቱ ይሥራላቸው፤ ውሃ የሚደርሳቸውንም አመስግኑልኝ፣ ያለ እነሱ መድኃኒቱ መሥራቱን ማንም አያውቅምና። ቢጫዋን ክኒን የማይከለክል፣ የእግር መንገድና የትምህርት ጥናት ካለ ግን ስሜን አስገቢ። አንድ የሰባ ስድስት ዓመት ተማሪ አለኝ። «ጠ»ን እስኪጽፍ ድረስ ሥራ አልለቅም።

እንደምረሳ አውቃለሁ። ከአንቺም ከእሱም በፊት ነው ያወቅሁት፤ የተማሪዎቼ ስም አንድ በአንድ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር፣ የትምህርት ቀን ሲያልቅ ልጆች ከክፍል እንደሚወጡት። አልነገርኩትም፤ እንዳይፈራ ብዬ። ይኸው ሁለታችንም አንድ ዓይነት ውሸታሞች ሆነን ተገኘን። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። አጎትሽ የሚለውን ሁሉም ይሰማዋል፤ የማይለውን ግን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ መጻፍ የሚያቅተኝ ቀን ሲመጣ ደረቅ ደብዳቤ ይደርስሻል። እንዳትቀየሚው። «ደህና ሁኚ» ካለሽ ከበሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀሽ ነው ማለት ነው። ጨምረሽ አንብቢው። እንዴት እንደሚጨመር አንቺ ታውቂያለሽ፤ የአሥራ ስምንት ዓመት ደብዳቤ በእጅሽ አለ።

ስንጥር፣ እኔ ነኝ፤ ተመልሻለሁ። ብዙ ጻፈች። ምን እንዳለች አላውቅም፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ሰባት የበር መቃን ቆጠርኩ፣ ከዚያ ዓይኔ ደከመ።

ይቅር በይኝ ማለት አልችልበትም። እሷ ከላይ የሆነ ቦታ ጽፋው ይሆናል። ካልጻፈችው እንደተጻፈ ቁጠሪው። አሮጌውን ደብዳቤሽን አብሬ መልሻለሁ፤ አደራሽን አላጠፋሁም። ከቻልሽ ሌሎቹን ይዘሽ ነዪ። በየጠዋቱ ከድልድዩ ስንመለስ አንድ አንድ እናነባለን፤ እሷ ለአንጎሏ፣ እኔ ምን ስል እንደኖርኩ ለማወቅ። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ያለችው ጥግ ተጠርጋለች።

ጨረስኩ። አጎትሽ አናጺው።

አሁን ብዕሩን አስቀምጪ፣ አስተማሪዋ። መነጽርሽን አስተካክዪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ጠይቄሽ አላውቅም፤ ዛሬ ጠየቅሁ። ቀስ ብለሽ፣ በቀኝ ጆሮዬ በኩል። የእኔን ቃል ትተሽ የራስሽን የጻፍሽበት ቦታ ስትደርሺ ደግሞ ድምፅሽን እንዳትቀንሺ።